ፊልምን በሒሳብ መመዘን ይቻላልን?

ባለፈው መንፈቀ ዓመት የማኅበራችን የፊልም ክፍል ጉባኤ ጠርቶ ነበር። የጉባኤው ጉዳይ ለጊዜው ቀላል ይመስል ነበር፤ ይኸውም በመንፈቁ መጨረሻ በአዳራሹ የሚታየውን አንድ ፊልም መምረጥ ነው። አዳራሹ የተፈቀደልን ለአንድ ምሽት ብቻ ነበር፤ ለፊልሙ የሚከፈለውም ገንዘብ ከአባሎች ኪስ የተዋጣ ስለ ነበረ፣ የተመረጠው ፊልም የማይረባ ሆኖ ቢገኝ ሌላ ማካካሻ አልነበረም። ጉባኤው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራከረ። አንዱ ተነሥቶ «ይህን ፊልም ያላየ ሰው ፊልም አይቻለሁ አይበል» ሲል፣ ሌላው ስለዚያው ፊልም «እኔስ ግማሹን ተኝቼ ነው ያሳለፍሁት» ብሎ ይመልስለታል። በመጨረሻ እጅ በማውጣት ተወሰነ። ብዙ እጅ ያገኘው ግን አብዛኛው ሰው አስቀድሞ ያየው ፊልም ሆነ፤ ሰው ለማያውቀው ነገር እጁን አያወጣምና። በምሽቱም ከአዳራሹ ወንበሮች ብዙዎቹ ባዶ ሆነው ዋጋ የተከፈለበት ፊልም ለግድግዳ ታየ።

ከዚያ በኋላ ከሒሳብና ከኤኮኖሚክስ የትምህርት ክፍሎች የሆንን ጥቂት ተማሪዎች ተሰባስበን አንድ ጥያቄ አነሣን። የእያንዳንዱን ሰው ጣዕም እንደ ተጠበቀ ትተን፣ የብዙ ሰዎችን አስተያየት በስታቲስቲክስ ደንብ ብናስላው የትኛው ፊልም ከየትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ይቻላልን? ያገኘነውን ከዚህ በታች ለአንባብያን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ለማንም ሰው የሚታሰበው መንገድ አማካይ ነው። ፊልሙን ያዩ ሰዎች ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ነጥቡ ተደምሮ ለሰዎቹ ቁጥር ይካፈላል። ነገር ግን እንዲህ እንበል፤ አንዱን ፊልም ሦስት ሰዎች ብቻ አይተውት ሦስቱም 10 ሰጡት። ሌላውን ፊልም ሁለት መቶ ሰዎች አይተውት አማካዩ 8.4 ሆነ። በአማካይ ከሄድን የመጀመሪያው ይበልጣል። ሆኖም ማስተዋል ያለው ሰው ሁሉ ይህን ፍርድ ለመቀበል ያመነታል። ሦስቱ ሰዎች የፊልሙ ሠሪ ወንድሞች ቢሆኑስ? ወንድሞቹ ባይሆኑም እንኳ አራተኛው ሰው መጥቶ 4 ቢሰጥ አማካዩ በአንድ ጊዜ ወደ 8.5 ይወርዳል። በሁለት መቶው ሰው ላይ ግን አንድ ሰው ተጨምሮ 4 ቢሰጥ አማካዩ ንቅንቅ አይልም ለማለት ይቻላል። እንግዲህ ከአማካዩ ጋር አብሮ ሊታሰብ የሚገባው ነገር አማካዩን የተሸከሙት ሰዎች ቁጥር ነው ማለት ነው።

ይህን ችግር በሰፊው የገጠመው አይ ኤም ዲ ቢ የሚባለው የፊልም መዝገብ ነው። መዝገቡ በ1990 በእንግሊዝ አገር በፊልም ወዳዶች ተጀምሮ፣ በ1998 አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው። ከተመልካቾች ድምፅ ተነሥቶ 250 ፊልሞችን በደረጃ ያስቀምጣል። ለሕዝብ የገለጠውም ቀመር የሚከተለው ነው፤

ደረጃ = (ድ × አ + መ × ጠ) ÷ (ድ + መ)

በዚህ ውስጥ «ድ» ፊልሙ ያገኘው የድምፅ ብዛት ነው፤ «አ» የፊልሙ አማካይ ነጥብ ነው፤ «ጠ» የፊልሞች ሁሉ ጠቅላላ አማካይ ነው፤ «መ» ደግሞ መዝገቡ ራሱ የወሰነው ቁጥር ሲሆን፣ 25,000 መሆኑን አስታውቋል። ትርጉሙ በቀላል አነጋገር ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ፊልም ገና ሲወለድ 25,000 ሰዎች የተለመደውን መካከለኛ ነጥብ እንደ ሰጡት ሆኖ ይቈጠራል። ከዚያ በኋላ የእውነተኞቹ ተመልካቾች ድምፅ በዚያ ላይ ይደመራል። ጠቅላላው አማካይ 7 ነው ብለን እናስላ። አንድ ፊልም 2,500 ድምፅና 9 አማካይ ቢኖረው ደረጃው ወደ 7.18 ይወርዳል። በዚያው በ9 አማካይ 25,000 ድምፅ ቢያገኝ ልክ 8 ይሆናል። ሌላው ደግሞ 2,000,000 ድምፅና 9.2 አማካይ ቢኖረው 9.17 ይሆናል፤ ማለት ከራሱ ነጥብ ምንም ያህል አይቀነስበትም። ብዙ ምስክር ያለው በራሱ ቃል ይቆማል፤ ጥቂት ምስክር ያለው ወደ መካከል ይሳባል።

እውነቱን ለመናገር ይህን ቀመር መጀመሪያ ስናየው በጣም ወደድነው። በጥቂት ምልክቶች ሁለት ሰዓት ያጨቃጨቀን ነገር የተፈታ መሰለን። ኋላ ግን ከመካከላችን አንዱ «መ የተባለውን ቁጥር ማን መረጠው?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ብዙ አስቦናል።

በትንሽ ምሳሌ እንየው። በእኛ ማኅበር ሁለት ፊልሞች ለምርጫ ቀረቡ እንበል። አንደኛውን 5 አባሎች ብቻ አይተውት አማካዩ 9 ነው። ሁለተኛውን 90 አባሎች አይተውት አማካዩ 7.2 ነው። ጠቅላላው አማካይ 6 ይሁን። «መ»ን 10 ብናደርገው የመጀመሪያው ፊልም ከ45 እና ከ60 ተደምሮ 105 ይሆናል፤ ለ15 ሲካፈል 7.00 ነው። የሁለተኛው 648 እና 60 ተደምሮ 708 ሆኖ ለ100 ሲካፈል 7.08 ነው። ስለዚህ ሁለተኛው በጥቂት አሸነፈ። አሁን ደግሞ «መ»ን 5 ብናደርገው የመጀመሪያው 75 ለ10 ተካፍሎ 7.50 ይሆናል፤ ሁለተኛው 678 ለ95 ተካፍሎ 7.14 ገደማ ነው። አሸናፊው ተለወጠ! አንድ ተመልካች አልተጨመረም፤ አንድ ነጥብ አልተቀየረም፤ የተቀየረው በሒሳብ ሠሪው እጅ ያለ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። «መ»ን ከፍ የሚያደርግ ሰው «የታወቀውን እመርጣለሁ» ማለቱ ነው፤ ዝቅ የሚያደርገውም «ለማይታወቀው ዕድል እሰጣለሁ» ማለቱ ነው። ይህ ከጣዕም በምን ይለያል? በር ዘግተን ያስወጣነው ጣዕም በመስኮት ተመልሶ ገባ።

ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የቀልድ ነገር አይደለም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት አግኝቷል፤ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ በሚደረገው የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት ወስዷል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ «ድፍረት» በ2014 በአሜሪካ በሰንዳንስ በዓል በተመልካቾች ድምፅ ከውጭ አገር ድራማዎች መካከል ተመርጦ ተሸልሟል፤ ይህን ሽልማት የሰጡት ጥቂት ዳኞች ሳይሆኑ ፊልሙን በአዳራሽ ያዩ ሰዎች ናቸው። ይሁንና ከሁለቱ አንዳቸውም ከ250ዎቹ መካከል አይገኙም። ምክንያቱም 25,000 ሰው ድምፁን የሚሰጥለት ፊልም በብዙ አገር ሲኒማ ቤቶችና በብዙ ቤቶች ውስጥ የታየ ፊልም ነው፤ ይህም የሚወሰነው በአከፋፋዩ ኩባንያ አቅም እንጂ በፊልሙ ጥራት ብቻ አይደለም። ስለ ቀመሩ ፍትሕ እንናገር ከተባለ ግን ቀመሩ «ይህ ፊልም መጥፎ ነው» አይልም፤ «ስለ አንተ የሚያስረዳኝ ሰው ገና አልበዛም» ነው የሚለው። ጥፋቱ የሚመጣው ሠንጠረዡን የሚያነበው ሰው የመጀመሪያውን አነጋገር ከሁለተኛው ሳይለይ ሲቀር ነው።

አማካይ ሌላም ነገር ይደብቃል። አንድ ፊልም 50 ሰዎች 10፣ 50 ሰዎች ደግሞ 2 ቢሰጡት አማካዩ 6 ነው። ሌላው ፊልም 100 ሰዎች ሁሉም 6 ቢሰጡት አማካዩ እንዲሁ 6 ነው። የመጀመሪያው ግን ሰውን ለሁለት የከፈለ፣ ምናልባትም ለዓመታት የሚያከራክር ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ከአዳራሹ እንደ ወጡ የሚረሳ ነው። ስለዚህ ስታቲስቲክስ ተማሪዎች ነጥቦቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ አብረው ይለካሉ፤ በመጀመሪያው ፊልም ርቀቱ 4 ሲሆን በሁለተኛው 0 ነው። ይህን ሁለተኛ ቁጥር ከአማካዩ አጠገብ የሚያትም የፊልም ሠንጠረዥ እምብዛም አላየንም።

ድምፅ ሰጪዎችም ሁልጊዜ ቅኖች አይደሉም። በ2008 «ዘ ዳርክ ናይት» የተባለው ፊልም እንደ ወጣ በአይ ኤም ዲ ቢ ሠንጠረዥ ለጊዜው አንደኛ ሆኖ ነበር። የእርሱ ወዳጆች ከበላይ የነበረውን የ1972ቱን «ዘ ጎድፋዘር» ለማውረድ ዝቅተኛ ነጥብ ሲሰጡ፣ የዚያኛውም ወዳጆች በአጸፋው እንዲሁ አደረጉ ተብሎ በሰፊው ተነግሯል። በመካከሉ ማንም ያልተዋጋው የ1994ቱ «ሾሻንክ ሪደምፕሽን» ወደ ላይ ወጥቶ አንደኛውን ስፍራ ያዘ። ይህ ፊልም በወጣበት ጊዜ በሲኒማ ቤቶች ገበያ ያልቀናው፣ ለሰባት የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶም አንዱን እንኳ ያላገኘ ነበር። መዝገቡ እንዲህ ያለውን ጠብ ለመከላከል ሁሉንም ድምፅ እኩል አይቈጥርም፤ እንዴት እንደሚያበላልጥ ግን ሆን ብሎ አይገልጥም። ሌባው ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ እንዳያውቅ ነው መሰለን።

ሮትን ቶሜቶስ የተባለውና በ1998 የተጀመረው ሌላው መዝገብ መንገዱ የተለየ ነው። የእያንዳንዱን ሐያሲ ጽሑፍ «ወዶታል» ወይም «አልወደደውም» ብሎ ከከፈለ በኋላ የወደዱትን በመቶ ያሰላል፤ 60 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኘው መልካም ይባላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ 95 በመቶ ያገኘውን ፊልም ከ100 ነጥብ 95 ያገኘ አድርጎ ስለሚያነበው ነው። ሐያስያን ሁሉ «ደኅና ነው፣ አይከፋም» ያሉት ፊልም 100 በመቶ ሊያገኝ ይችላል፤ ከዐሥር ሰባቱ ዕድሜ ልካቸውን የማይረሱት፣ ሦስቱ ግን የጠሉት ፊልም 70 በመቶ ብቻ ያገኛል። ቁጥሩ የሚለካው የስምምነትን ስፋት ነው እንጂ የውዴታን ከፍታ አይደለም።

እንዲህ ላለው «ወደድሁ፣ አልወደድሁም» ቈጠራ ለጥቂት ሰዎች ጉዳይ መልካም መድኃኒት ያገኘነው በኤድዊን ዊልሰን ሥራ ነው። ይህ አሜሪካዊ ሊቅ በ1927 ባሳተመው ጥናት፣ ከጥቂት ናሙና ተነሥተን እውነተኛው መቶኛ ቢያንስ ስንት ሊሆን እንደሚችል የሚገመትበትን መንገድ አሳይቷል። ሙሉው ቀመር ረጅም ስለሆነ በዚህ ገጽ አንጽፈውም። ነገር ግን የተጠየቁት ሁሉ «ወድጄዋለሁ» ባሉ ጊዜ እጅግ ያጥራል፤ የሰዎቹን ቁጥር ወስዶ ለራሱና ለ3.84 ድምር ማካፈል ብቻ ነው። ሦስት ሰዎች ሦስቱም ከወደዱት 3 ለ6.84 ሲካፈል ዝቅተኛው ግምት 44 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከመቶ ሰዎች ዘጠናው የወደዱት ፊልም ደግሞ በሙሉው ቀመር ሲሰላ ዝቅተኛው ግምት 83 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ ለሚፈርድ ሰው ከሦስት ሦስት ከማግኘት ከመቶ ዘጠና ማግኘት ይበልጣል።

«የሊቃውንትን ፍርድ ተከተሉ፤ የብዙኃኑን ተዉት» የሚሉን ጓደኞች አልጠፉም። እንግዲህ የሊቃውንቱንም እንመርምር። ሳይት ኤንድ ሳውንድ የተባለው የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ሐያስያንን እየጠየቀ ከፊልሞች ሁሉ የላቀውን ይመዘግባል። በ1952 የጣሊያኑ «የብስክሌት ሌቦች» አንደኛ ሆነ። ከ1962 እስከ 2002 በተደረጉት አምስት ምርጫዎች በሙሉ «ሲቲዝን ኬን» ስፍራውን ይዞ ቆየ። በ2012 የሂችኮክ «ቨርቲጎ» ገለበጠው። በዚያ ዓመት 846 ሰዎች እያንዳንዳቸው ዐሥር ዐሥር ፊልሞች ጻፉ፤ ቨርቲጎን የጻፉት 191፣ ሲቲዝን ኬንን የጻፉት 157 ነበሩ። አስተውሉ፤ 191 ለ846 ሲካፈል 23 በመቶ እንኳ አይሞላም። የዓለም አንደኛ የተባለውን ፊልም ከመራጮቹ ከአራት ሦስቱ ከዐሥሩ ፊልሞቻቸው መካከል አልጻፉትም ማለት ነው! በ2022 ደግሞ የመራጮቹ ቁጥር ወደ 1,639 ከፍ ብሎ ከቀድሞው ይልቅ ከብዙ ወገንና ከብዙ አገር ሰዎች ተጠየቁ። በዚህ ጊዜ በ2012 ከ30ኛው ደረጃ በታች የነበረው የሻንታል አከርማን የ1975 ፊልም «ዣን ዲየልማን» አንደኛ ሆነ። በዐሥሩ ዓመት ውስጥ ፊልሙ አንድ ምስል አልተጨመረበትም። የተለወጡት የተጠየቁት ሰዎች ናቸው፤ ምናልባትም ዘመኑ።

ስለ ሳጥን ገቢ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ገንዘብ ሰውን አይቈጥርም፤ በ1939 «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ሲወጣ የአሜሪካ የሲኒማ ቲኬት አማካይ ዋጋ ከሩብ ዶላር አይበልጥም ነበርና፣ ያን ጊዜ የተሰበሰበውን ዶላር ዛሬ ከሚሰበሰበው ጋር ማወዳደር የጤፍን ቁና ከገብስ ጭነት ጋር እንደ ማወዳደር ነው።

ወደ እኛ ጉባኤ እንመለስ። ነጥብ መስጠቱ እንዲህ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ፊልሞቹን ሁለት ሁለቱን እያጋጠምን ብዙ ደጋፊ ያለውን ብንመርጥስ? ይህንም ሞከርነው። ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ በ1785 ያሳየው እንቅፋት ግን ጠበቀን። ሦስት ተማሪዎች ሦስት ፊልሞችን በደረጃ ያስቀምጡ። የመጀመሪያው ሀን ከለ፣ ለን ከሐ ያስቀድማል። ሁለተኛው ለን ከሐ፣ ሐን ከሀ ያስቀድማል። ሦስተኛው ሐን ከሀ፣ ሀን ከለ ያስቀድማል። አሁን ቍጠሩ፤ ሀ ለን ሁለት ለአንድ ያሸንፋል፤ ለ ሐን ሁለት ለአንድ ያሸንፋል፤ ሐ ደግሞ ተመልሶ ሀን ሁለት ለአንድ ያሸንፋል። እያንዳንዱ ተማሪ አእምሮው የተስተካከለ ሲሆን ጉባኤው በአንድነት ግን ክብ ይዞራል። አሜሪካዊው የኤኮኖሚክስ ሊቅ ኬኔዝ አሮው በ1951 ከዚህ የባሰውን አስረዳ፤ ምርጫዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ የእያንዳንዱን ሰው ደረጃ ተቀብሎ የማኅበሩን ደረጃ የሚያወጣ፣ ጥቂት ተገቢ የሆኑ የፍትሕ ግዴታዎችንም ሁሉ በአንድነት የሚያሟላ ደንብ ከቶ ሊገኝ አይችልም። እኛ በሁለት ሰዓት ያልተስማማነው ስንፍና ስለ ነበረብን ብቻ እንዳልሆነ ስናውቅ ትንሽ ተጽናናን።

ሒሳብ የግል ጣዕምን እስከ ምን ድረስ ሊተነብይ እንደሚችል የተፈተነበትም አጋጣሚ አለ። ኔትፍሊክስ በ2006 ተመልካቾች ከ1 እስከ 5 የሚሰጡትን ነጥብ አስቀድሞ በመገመት ረገድ የእርሱን ዘዴ በ10 በመቶ ለሚያሻሽል 1,000,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ አወጀ። ለተወዳዳሪዎቹ 480,189 ሰዎች በ17,770 ፊልሞች ላይ የሰጡትን ከ100,000,000 የሚበልጥ ነጥብ አስረከበ። ብዙ ቡድኖች ሦስት ዓመት ያህል ደክመው በ2009 ሽልማቱ ሲሰጥ፣ ሁለት ቡድኖች በውጤት እኩል ሆነው አንዱ ሥራውን 20 ደቂቃ ቀድሞ በማስገባቱ አሸነፈ። ያሸናፊው ግምት ስሕተት 0.8567 ነበር። ያ ሁሉ መረጃና ያ ሁሉ ሊቅ ተባብሮ፣ አምስት ደረጃ ባለው መለኪያ ላይ አንድ ደረጃ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይስታል ማለት ነው። በተለይ በ2004 የወጣው «ናፖሊዮን ዳይናማይት» የተባለው አስቂኝ ፊልም ተወዳዳሪዎቹን እጅግ አስቸግሯቸው ነበር፤ የወደደው እጅግ ስለሚወደው፣ የጠላውም እጅግ ስለሚጠላው፣ ከሌሎቹ ምርጫዎቹም ተነሥቶ ከየትኛው ወገን እንደሚሆን ለማወቅ አልተቻለም።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ለሚመጣው ምሽት የሚከተለውን ዘዴ ለፊልም ክፍሉ አቅርበን ተቀባይነት አግኝቷል። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የፊልሞቹ ስም ይዘረዘራል፤ በየስሙ ፊት «አላየሁትም» የሚል ሳጥን አለ። ያላየ ሰው እርሱን ብቻ ምልክት ያደርጋል፤ በወሬ ነጥብ መስጠት ክልክል ነው። ያየ ሰው ከ1 እስከ 10 ይሰጣል። ውጤቱም ሁለት ሠንጠረዥ ሆኖ ይለጠፋል፤ በአንዱ ብዙዎች ያዩአቸው፣ በሌላው ጥቂቶች አይተው እጅግ የወደዷቸው ፊልሞች ይሰፍራሉ። የምሽቱ ፊልም የሚወሰደው ከሁለተኛው ሠንጠረዥ ራስ ነው፤ የተዋጣው ገንዘብ ያላየነውን ለማየት ነውና። ከአማካዩ አጠገብ የነጥቦቹ መራራቅ ይጻፋል።

«መ»ን በተመለከተ በመካከላችን ጽኑ ክርክር ነበር። ግማሾቻችን 10 ይሁን አልን፣ ግማሾቻችን 5። በመጨረሻ የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ወረቀቶቹ ከመከፈታቸው በፊት ተወስኖ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ፣ ከዚያም በኋላ ማንም፣ እኛም ጭምር፣ እንዳይነካው። የ5 ደጋፊዎች በአንድ ድምፅ አሸነፉ። ወረቀቱ ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ በምግብ አዳራሹ በር ይታደላል፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ የሚመለሰውም እስከ ዐርብ ማታ በዚያው በተቀመጠው ሳጥን ነው።